ያልተመለሱ የሚለው ክፍል

ለገጹ ፈተሻ የተጠራሁት በሐምሌ ነው። ጥሪው እንደማንኛውም ጥሪ ጠዋት ውሃ ከመከፈቱ በፊት ግድግዳዬ ላይ ባለው መስታወት መጣ። «ወይዘሮ እታፈራሁ አበጋዝ፣ የከተማው ገጽ አደረጃጀት ሲፈተሽ እንዲገኙ ተመርጠዋል» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ከአምስተኛ ክፍል በታች የተማሩ» የሚል አለበት። እኔ አራተኛን ጨርሼ አምስተኛ ስገባ ነው ያቋረጥኩት። ስለዚህ አልተሳሳቱም።

ገጹ በየጊዜው ይፈተሻል። የትኛው ነገር የት ክፍል ይቀመጥ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ይቀላቀል፣ የትኛው ስም ይቀየር የሚለው ይታያል። ለዚህ የተማረ ሰው ብቻ አይበቃም ይላሉ። የተማረ ሰው ነገሩን ብትደብቅበትም ፈልጎ ያገኘዋል፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ካገኘው ግን ሁሉም ያገኘዋል። እኔ የማነበው ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ነው።

በኮምቦልቻ ከገጹ ውጭ የሚያልቅ ጉዳይ የለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ጉዳይ ያለው ሰው ቀበሌ ይሄድ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰው ተቆጥቶም ቢሆን ያናግረዋል። አሁን ቀበሌ የሚባል ቤት የለም። ጠዋት እንነሳለን፣ እጃችንን መስታወቱ ላይ እናሳርፋለን፣ ክፍሎቹ ይዘረዘራሉ። ውሃ፣ ቤት፣ ሥራ፣ ትምህርት እያለ ይወርዳል። የፈለግነውን ነክተን ስንጨርስ ቧንቧው ያጉረመርምና ውሃው ይመጣል። ሥራ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተጀምሮ አራት ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ሰው አያስወጣም።

ልጄ ትርሲት ያለችው ያልተመለሱ በሚለው ክፍል ውስጥ ነው።

ቆላ ወርዳ ሰሌዳ ታጥብ ነበር። ፀሐይ የሚሰበስቡት ሰሌዳዎች ሜዳውን ሞልተውታል፤ አቧራ ሲለብሳቸው ብርሃኑ ስለሚቀንስ አጣቢ ይፈልጋሉ። ከኛ ሰፈር ብዙ ልጅ ወርዷል። ካቻምና ቀይ አቧራ ተነስቶ ቀኑን ሌሊት አድርጎት ሰነበተ። ሲረጋ ከአጣቢዎቹ ከፊሉ ወደ ማደሪያው ተመለሰ፣ ከፊሉ አልተመለሰም። አስከሬኑ የተገኘው ያለፉ በሚለው ክፍል ገባ። ያልተገኘው ያልተመለሱ ውስጥ ቀረ። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ስላረፈ፣ እሷን የምጠብቃት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለ እኔ አንድ ነገር ልናገር፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው አይገባም። እኔና ጋሽ ይመር የሰፈራችን ቅሬ መርዶ ነጋሪዎች ነን። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ገጹ ሁሉን ይናገራል፣ መርዶ ግን አይናገርም። መጀመሪያ ሰሞን ሞክሮት ነበር። ውሃ ልክፈት ብሎ የተነሳ ሰው የእናቱን ሞት ብቻውን እያነበበ ወድቆ የሚገኘው ሲበዛ፣ መርዶው ለቅሬ ይላክ ተባለ። አሁን ማስታወቂያው የሚመጣው ለኔና ለጋሽ ይመር ነው። የሞተው ከአንዳችን ቤት ከሆነ ማስታወቂያው ለሌላው ብቻ ይመጣል። ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ይዘን ሄደን እንነግራለን። ከዚያ በእጄ በምይዛት ትንሿ መስታወት ላይ «ተነግሯል» የሚለውን እነካለሁ። ያን ጊዜ ስሙ ካለበት ክፍል ተነስቶ ያለፉ ውስጥ ይገባል። እኔ እስክነካው ድረስ ሰውየው ገጹ ላይ በሕይወት አለ።

ጋሽ ይመር ምላሳቸው ክፉ ነው። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «አንቺ ገገማ» ነው የሚሉኝ፤ በቅሬ ስብሰባም፣ በመንገድም፣ ለቅሶ ቤት በር ላይም። እኔም መልስ አጥቼ አላውቅም።

ፈተሻው የተደረገው ድሮ ልብስ ይሰፋበት በነበረው አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ካርድ ተዘርግቷል፣ በያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ነገር ተጽፏል። ካርዱን አንስተህ፣ ይህን ነገር ብፈልግ የት ክፍል እሄዳለሁ ብለህ ታስብና እዚያ ርዕስ ሥር ታስቀምጠዋለህ። የምትመራን ሶልያና የምትባል ሴት ናት። ሠላሳውን አልፋለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ እንቅልፍ የጠገበችም አትመስልም።

«ትክክልና ስሕተት የለውም» አለችን። «የሚፈተነው ገጹ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።»

አጠገቤ የተቀመጠው በግ ነጋዴ የጋብቻ ውል የሚል ካርድ አንስቶ ውሃ የሚለው ሥር አደረገው።

«ጋብቻ ደግሞ ከውሃ ጋር ምን አገናኘው?» አልኩት።

«እኔ ሚስት ያገባሁት የሁለት ሰው ውሃ እንዲለቁልኝ ነው።»

«እሷስ?»

«እሷም ለዚያው ነው። ተነጋግረን ነው የተጋባነው።»

ሰዉ ሳቀ። ሶልያና አልሳቀችም፣ መዘገበችው። በኋላ እንደሰማሁት ብዙው ሰው እዚያው ነው ያስቀመጠው። ዛሬ በከተማችን የጋብቻ ውል የሚፈልግ ሰው ውሃ የሚለውን ይነካል፣ ማንም አይገርመውም።

እኔ ካርዱን ትቼ ርዕሶቹን ማንበብ ጀመርኩ። ጣቴን እያስኬድኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ።

«አንድ ርዕስ ጎድሏል» አልኳት።

«የትኛው እትዬ?»

«ያልተመለሱ።»

መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «እሱ በዚህ ዙር የለም። ሊታጠፍ ነው።»

«መታጠፍ ማለት ምንድን ነው?»

«ያለፉ ከሚለው ጋር ይቀላቀላል።»

ይዤው የነበረውን ካርድ መልሼ አስቀመጥኩ። «እንግዲያው አንድም ካርድ አልነካም» አልኳትና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። በግ ነጋዴው የኔን ድርሻም ጨምሮ ሠራው። ሁሉም ወጥተው ሲያልቁ እኔ እዚያው ነበርኩ። ሶልያና ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ማነው ይታጠፍ ያለው?» አልኳት።

«ማንም አላለም። ገጹ አንድን ነገር የሚያስቀምጠው ሰዎች በሚፈልጉበት ቦታ ነው። የቤት ውልን ሰው ሥራ ውስጥ ከፈለገው፣ ሥራ ውስጥ ይገባል። ሰው በአፉ የሚለውን አንቆጥርም። እጁ መጀመሪያ የት እንደሄደ ነው የምንቆጥረው።»

«እሺ። ልጄን ያለፉ ውስጥ የሚፈልጋት ማነው?»

መስታወቷን ከፊቴ አስቀመጠችው። «ላሳይዎት?» አለች።

«አሳዪኝ።»

አሳየችኝ። መስታወቷ ላይ የኔ ጠዋቶች ተደርድረዋል። ሁሉም አንድ ናቸው። እጄ ያርፋል፣ ያለፉ የሚለውን ይነካል፣ ትርሲት የሚለውን ይጽፋል፣ ይዘጋል፣ ውሃ ይለቀቃል። ከዚያ የሚቀጥለው ጠዋት፣ እንደዚያው። ያልተመለሱ የሚለውን የነካሁት በመጀመሪያው ሰሞን ብቻ ነው።

እውነት ነው፣ እንዲያ ነው የማደርገው። ጠዋት ስነሳ ሌላ ነገር ከማየቴ በፊት ያለፉ ውስጥ ገብቼ ስሟን እጽፋለሁ። «አልተገኘም» ይለኛል። ያን ቃል ካየሁ በኋላ ነው እግሬ የሚቆምልኝ፣ ፊቴንም የምታጠበው። ያልተመለሱ ውስጥ ገብቼ ምን አያለሁ? እዚያ መሆኗን አውቃለሁ።

«እንዳላገኛት እኮ ነው የምፈልጋት» አልኳት።

«ይገባኛል።»

«ለገጹስ ይገባዋል?»

«ገጹ ማግኘትዎን አይቆጥርም እትዬ። የፈለጉበትን ነው የሚቆጥረው።»

«ሌሎቹስ እናቶች?»

«ሁሉም እንደርስዎ ናቸው» አለች። መስታወቱን ገለበጠችው። «የአቧራው ጊዜ የጠፉትን ልጆች፣ ወላጆቻቸው ያለፉ ውስጥ ነው የሚፈልጓቸው። ከተማው ሁሉ። ስለዚህ ገጹ ስማቸውን ወደዚያ ሊወስደው ነው።»

ተነስቼ አንዴ አዳራሹን ዞርኩት። ተመልሼ መጣሁ። «ተዘግቷል ወይስ ገና ነው?»

«ቆጠራው የሚዘጋው በመስከረም መጨረሻ ነው። እጅ ከተለወጠ ቁጥሩም ይለወጣል።» መስታወቷን ያዘችና ወደ በሩ አየች። «ከዚህ በላይ ልነግርዎት አልችልም።»

«ከዚህ በላይ ምን ቀረና» አልኳት።

በማግስቱ ከየሰፈሩ ልጅ ያልተመለሰላቸውን ሁሉ የቅሬው ድንኳን በሚቀመጥበት መጋዘን ሰበሰብኩ። ጎረቤቴ ሉባባም መጣች። የሷ ልጅ ኑርዬ ከትርሲት ጋር በአንድ ቀን ነው የወረደው። እኔና ሉባባ ግቢያችንን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ዶሮዎቿ በሥሩ እየሾለኩ ቆስጣዬን ይጨርሱታል፤ እኔ እጮሃለሁ፤ እሷ ደግሞ የኔ ጥላ መረብ ፀሐይዋን እንደወሰደባት ታነሳለች። እንዲህ ስንባባል ሃያ ዓመት ሊሆነን ነው። አቧራው ከተነሳ ወዲህም አልተውነውም። እንዲያውም ብሶበታል።

ነገሩን እንደሰማሁት ነገርኳቸው። «ጠዋት ያለፉን አትንኩ። ያልተመለሱን ነክታችሁ ልጃችሁን እዚያ ፈልጉ። ቆጠራው እስኪዘጋ ነው» አልኩ።

«ሳላይ ልዋል?» አለች አንዷ። «እጄን ማን ይይዘዋል?»

«ይቺ ገገማ ከገጽ ጋር ትዳር ልትመሠርት ነው» አሉ ጋሽ ይመር ከበሩ አጠገብ።

ሉባባ ዞር አለችባቸው። «ጋሼ፣ የአንቱ ልጅ እቤት ተኝቷል። ዝም ይበሉ።»

ሉባባ ወደኔ ተመለሰች። «ካላየሁስ በምን አውቃለሁ? ኑርዬ ያን ጊዜ ቢገባ?»

«እኔ እነግርሻለሁ። ሥራዬ አይደለም?»

«ሳታሳድሪ?»

«ሳላሳድር» አልኳት።

አንድ በአንድ እሺ አሉ።

ቀላል አልነበረም። ሁለት ዓመት አንድ ቦታ የለመደ እጅ በትእዛዝ አይመለስም። ሉባባ የሱብሒ ሶላቷን እንደጨረሰች ወደኔ ቤት መምጣት ጀመረች፣ አብረን እንነካለን። እጄ ወደ ያለፉ ሲሄድ ጀርባውን በጥፊ ትለኛለች። የሷ ሲሄድ እኔ እላታለሁ። ያልተመለሱ ሲከፈት የልጆቻችን ፊት ይወጣል፣ ለሥራ የተነሱት ፎቶ ነው፣ አንገታቸው ላይ ያለው የሥራ ካርድ ገመድ ሳይቀር ይታያል። ሉባባ ኑርዬን ስታየው «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔ «ተመስገን» እላለሁ። ከዚያ ውሃው ይመጣል፣ እሷም ዶሮዎቿን ልትፈታ ትሄዳለች፣ ትንሽ ቆይተን እንጣላለን። ነገር ግን ያለፉን ሳልነካ የዋልኩበት ቀን ሁሉ ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጭኖ የዋልኩበት ነው። ሥራ ላይ ሆኜ አሁን ገብታ ቢሆንስ እላለሁ። ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ሴቶቹ ፊታቸው ከስቷል።

በጳጉሜን ሶልያና ሰው ላከችብኝ። ያለፉና ያልተመለሱ ሊተካከሉ ተቃርበዋል፣ በርቱ ብላለች።

አዲስ ዓመት ባለፈ በሳምንቱ የኑርዬ ማስታወቂያ መጣ።

ግመል የሚጠብቁ ሰዎች አሸዋው ሲነሳ አገኙት። አንገቱ ላይ ያለው የሥራ ካርድ ስሙን ተናገረ። ሶላት ሰግደውበት እዚያው ቀብረውታል። ማስታወቂያው ይህን ይላል። በጣቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጨርሼ ሳልነሳ ጋሽ ይመር በሬን አንኳኩ። ለመርዶ የምንለብሰውን ነጭ ለብሰዋል።

«ጎረቤት ልጥራ?» አሉኝ።

«አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ዛሬ አይነገራትም።»

«ቁርስ እስክትቀምስ ልትይ ነው? ወንድሟ ከደሴ እስኪመጣ?»

«ቆጠራው እስኪዘጋ።»

ደጄ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጡ። «አንቺ ሴትዮ አእምሮሽ ተነካ?»

«ጋሼ፣ አምና የሰይድ ልጅ ሲገኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ስሙ በገባ ማግስት ልጅ ያልተመለሰለት ሁሉ ያለፉ ውስጥ ገብቶ ሲፈልግ ነው የሰነበተው። የኔም ልጅ ከሱ ጋር ይሆን እያለ። ዛሬ ኑርዬ ቢገባ ነገ ጠዋት ያለፉን የማይነካ ማነው?»

«አንቺስ?»

«እነካለሁ» አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። «ልጁ ዱዓ ይፈልጋል» አሉ። «የእናቱን።»

«አንቱ ያድርጉለት።»

«እኔ አደርጋለሁ። የሷን ግን አልተካላትም።» ተነሱ። «ቃል ገብተሽላታል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ገብቻለሁ።»

«እኔ አፌን እዘጋለሁ። የምትጠየቂው ግን አንቺ ነሽ።» ነጭ ልብሳቸውን በሌላ ልብስ ሸፍነው ሄዱ። ሉባባ ገና ሶላት ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ጠዋቶች ብዙ አላወራቸውም። ትመጣለች፣ ያልተመለሱን ትነካለች፣ ኑርዬ ይወጣል። «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔ «ተመስገን» እላለሁ። ፊቷን ላለማየት ቧንቧውን አያለሁ። ምስር ወጥ ከሠራሁ በሰሃን እልክላታለሁ። ጥላ መረቡን ሰብስቤ ፀሐይዋን ለቀቅኩላት። ዶሮዎቿ ሲገቡ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ቆስጣውን ከሥሩ ነቅለው ጨረሱት። ሉባባ ከቆርቆሮው ወዲያ ቆማ ታየኝ ነበር። የምጮኸውን ስትጠብቅ ነው። ምንም አላልኩም። ትንሽ ቆማ ገባች።

መስከረም አለቀ። መልሱ በመስታወቴ መጣ። «ያልተመለሱ የሚለው ክፍል ለጊዜው ባለበት ይቆያል። ልዩነቱ ጠባብ በመሆኑ በሚያዝያ እንደገና ይቆጠራል።» ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ይመርን፣ የሉባባን ወንድምና አምስት ሴቶች ይዤ ሄድኩ። በሯ ተከፍቷል። ቤቱ ተጠርጓል፣ ወንበሮቹ ወጥተዋል፣ ወለሉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሉባባ ጥግ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች።

«ግቡ» አለች።

ገባን። የሚናገሩት ጋሽ ይመር ናቸው፤ አንደበቱ የሳቸው ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ ሉባባ ቀደመቻቸው።

«ኑርዬ ነው» አለች እሷው። «ቀብረውታል ወይስ አልቀበሩትም? እሱን ንገሩኝ።»

«ሰግደውበት ቀብረውታል» አሉ ጋሽ ይመር።

ራሷን ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ዶሮዎቼ ቆስጣሽን ነቅለው ዝም ካልሽበት ቀን።»

አንዷ ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። ሉባባ አልተቆጣቻትም። እኔን ነበር የምታየው።

«ሃያ ዓመት ስትጮሂብኝ ኖረሽ በአንድ ቀን ደግ ሆንሽ» አለችኝ። «ወጥ ስትልኪ ደግሞ አረጋገጥኩ። ሌላ ማን ይነግረኛል?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። አንቺ ፊት ለፊት ሲጠይቁሽ መዋሸት አትችዪም። ከነገርሽኝ ደግሞ አለቅሳለሁ፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ ሁሉም ያለፉን ይነካል።» ሻሿን አስተካከለች። «የኔ አልቋል። ያንቺ ልጅ ግን ገና መንገድ ላይ ናት ብዬ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ሁሉ ጣቷን የሞተ ልጇ ፊት ላይ አድርጋ አልሐምዱሊላህ ስትል እያወቀች ነበር። እኔ ደግሞ አታውቅም ብዬ ቧንቧ ቧንቧ ሳይ ነበር።

«ዱዓውንስ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ብቻዬን አድርጌለታለሁ። ድምፄን ሳላሰማ።» ከዚያ ወደኔ እጇን ዘረጋች። «በይ፣ ንኪው። ይግባና ልጄን ላልቅሰው።»

ትንሿን መስታወት አውጥቼ «ተነግሯል» የሚለውን ነካሁ። የኑርዬ ስም ያልተመለሱ ከሚለው ክፍል ጠፋ። ሉባባ የመስታወቱን መብራት ስታይ ነው ድምጿ የወጣው። ሳምንታት የታፈነ ለቅሶ ነው። ከቤቷ አልፎ፣ ሰፈሩን አልፎ፣ ሥራ የወጡት ሰዎች ድረስ ተሰማ አሉ። ሴቶቹ ያዟት። እኔ አልያዝኳትም፤ የምይዝበት ፊት አልነበረኝም። ይቅርታም አልጠየቅኳት። እሷም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ ዶሮዎቿን ሸጠች። ቆስጣዬ አድጎ ማንም አይነካውም። ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም ትመጣለች። የምትፈልገው ሰው ገጹ ላይ የላትም፤ ቢሆንም ያልተመለሱን ነክታ ትርሲት ብላ ትጽፋለች። አንድ እጅ አንድ እጅ ነው፣ ይቆጠራል ትላለች።

አሁን መጋቢት ነው። ቁጥሩ እንደገና ጠብቧል ብላ ሶልያና ልካብኛለች።

ትናንት አመሻሽ ላይ የዱቄት ከረጢት ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ጋሽ ይመር ከፊቴ መጡ። ከረጢቱን ከትከሻዬ ላይ ተቀበሉኝ።

«እታፈራሁ» አሉኝ። «እንዴት ዋልሽ?»

ቆም አልኩ። «አመመዎት እንዴ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ።»

«ገገማ አይሉኝም ዛሬ?»

«ምን አድርገሽ ነው ገገማ የምልሽ» አሉ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው።

ከረጢቱ ከብዷቸዋል፣ ሰባውን አልፈዋል። ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉ። ትንሽ እንደሄድን ልጣላቸው ሞከርኩ። ባለፈው ስብሰባ የድንኳኑን ተራ ለወንድማቸው ልጅ አስቀድመው እንደሰጡ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያማቸው፣ እኔም ከፊት ሆኜ እንደማማቸው ነገርኳቸው። ይህን ሌላ ጊዜ ብላቸው ቅሬው ይፈርስ ነበር።

«ልክ ነሽ» አሉ።

በሬ ድረስ አደረሱኝ። ከረጢቱን አስገብተው አስቀመጡ፣ ቀና ሲሉ ወገባቸውን ያዙ። ወዲያው አልወጡም። ቤቱን አዩት፣ መስታወቱን አዩት፣ እኔን ግን አላዩኝም።

«የጎደለሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ካለ ላኪብኝ» ብለው ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

ቁጭ አልኩ። መሸ፣ መብራት አላበራሁም። ተከትያቸው ሄጄ ጋሼ ብል ፊት ለፊቴ ሊዋሹኝ እንደማይችሉ አውቃለሁ። አልሄድኩም።

ዛሬ ጠዋት ሉባባ እንደ ልማዷ መጣች። ፊቴን አየችው፣ ብዙ ቆይታ አየችው፣ ምንም አልጠየቀችኝም። እጄን አንስታ መስታወቱ ላይ አሳረፈችው። ያልተመለሱን ነካሁ። ስሟን ጻፍኩ። ትርሲት ወጣች።

«አለች» አለች ሉባባ።

«አለች» አልኩ። «ተመስገን።»

ውሃው መጣ፣ ጀሪካኑን ደቀንኩ። ቆጠራው የሚዘጋው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። ከኛ ሰፈር ብቻ እንኳ ልጃቸው መንገድ ላይ ያለ ብዙ እናቶች አሉ። እስከዚያ ጋሽ ይመርን ምንም አልጠይቃቸውም።